ጠላን ቀምሶ መመዘን፦ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ሾላ ገበያ የጥሩ ጠላ መለያዎች

አዲስ አበባ፦ በአገራችን ወግ አሳላፊ ጠላ ለእንግዳ ከመቅዳቱ በፊት ከማንቆርቆሪያው ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይቀምሳል። ይህ ልማድ ለመጠጡ ንጽሕና የሚሰጥ ምስክርነት ነው። «እኔ ቀምሼዋለሁ፤ እናንተም ያለ ስጋት ጠጡ» የሚል መልእክት አለው። በሰንበቴውና በጽዋ ማኅበሩም የተረኛው ቤት ጠላ ከተቀዳ በኋላ ታዳሚው ስለ ጣዕሙ፣ ስለ ጥራቱና ስለ ጌሾው ልክ አስተያየት መስጠቱ የተለመደ ነው። በሌላው ዓለም ሥልጠናና ውድድር የሚካሄድበት መጠጥን ቀምሶ የመመዘን ጥበብ በእኛ ዘንድ እንግዳ አለመሆኑን እነዚህ ልማዶች ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ የእኛ ምዘና በአብዛኛው በቃል የሚቀር ነው። «ጥሩ ነው»፣ «ኮምጥጧል»፣ «ጌሾ በዝቶበታል» ከማለት አልፎ ጉድለቱ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚታረም የሚያመለክት መዝገብ የለውም። ጥሩውና መናኛው ጠላ በአንድ ጣሳ፣ በአንድ ዋጋ ሲሸጥ ተጎጂዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያዋ በጥንቃቄ የምትጠምቀው ባለሙያ ናት፤ የልፋቷን ዋጋ አታገኝም። ሁለተኛው ጥራት ያለው ገብስና ጌሾ አምርቶ ለገበያ የሚያቀርበው አርሶ አደር ነው። ሦስተኛው ምን እንደሚጠጣ ሳያውቅ የሚጠጣው ሸማች ነው። ይህ ጽሑፍ ጠላ እንዴት እንደሚሠራ፣ በምን መስፈርት ተቀምሶ ሊመዘን እንደሚችልና ምዘናው ለአምራቹም ለሸማቹም ምን እንደሚጠቅም ያብራራል።

የካ እና የእንጦጦ ተራሮች

በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛና ከሾላ ገበያ ተነስቶ፣ የካ ሚካኤልን፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንንና ኮተቤን ይዞ ወደ እንጦጦ ሰንሰለታማ ተራሮች ይወጣል። በዚህ አካባቢ የገጠርና የከተማ ኑሮ ተሳስረው ይታያሉ። ከዳገቱ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ በየጓሮው የወተት ላም የሚያረቡ ነዋሪዎችና እህልና ጌሾ የሚሸምቱ ጠማቂዎች በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ከደጃፍ ቆሞ ሲታይ፣ በዚያ ቤት ጠላ እንደሚሸጥ መንገደኛው ያለ ጽሑፍ ይረዳል።

አካባቢው ከጠላ ጋር ያለው ትስስር ከከተማዋ ዕድሜ ጋር የሚሄድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲቀቡ ቤተ መንግሥታቸው በዚሁ ተራራ ላይ ነበር። በዘመኑ የቤተ መንግሥት ግብር ጠጁ ለመኳንንቱ፣ ጠላው ደግሞ ለብዙኃኑ ታዳሚ ይቀርብ ነበር፤ ለዚህም ጋን የሚደረደርበት ቤትና በሙያው የተካኑ ጠማቂዎች ያስፈልጉ ነበር። ተራራውን ቀድሞ ሸፍኖት የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለማገዶና ለግንባታ ተመናምኖ ከ1880ዎቹ መጨረሻ በኋላ በባሕር ዛፍ ተተክቷል። ይህ ለውጥ ጠላንም ይመለከታል፤ ምክንያቱም ለጋን ማጠኛ ተመራጩ እንጨት ወይራ ነው።

የቦታው ከፍታም በመጠጡ ላይ የራሱ አሻራ አለው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው። እርሾ በቅዝቃዜ ሥራውን ስለሚያዘገይ፣ በቆላ በጥቂት ቀናት የሚደርስ ጥንስስ በዳገቱ ላይ ባሉ መንደሮች ተጨማሪ ቀናት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ «በስንት ቀን ይደርሳል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የለም። ጠማቂዋ ቀን ከመቁጠር ይልቅ የአረፋውን መነሳትና መተኛት፣ ሽታውንና ጣዕሙን መከታተል ይኖርባታል።

ጠላ እንዴት ይጠመቃል?

አሠራሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ዋና ዋና ደረጃዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሥራው በዕቃ ንጽሕና ይጀምራል። ጋኑ በግራዋ ቅጠልና በውኃ ተፈግፍጎ ከታጠበ በኋላ በሚጤስ የወይራ ስንጥር ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጭሱ ለጠላው ልዩ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ በሸክላው ቀዳዳዎች ተደብቀው የሚቀሩ ተሕዋስያንን ለመቀነስ ያግዛል።

ቀጥሎ ብቅል ይዘጋጃል። ገብስ ወይም ስንዴ ለአንድ ቀን ያህል በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ለጥቂት ቀናት እንዲበቅል ይደረግና በፀሐይ ደርቆ ይፈጫል። እህሉ ሲበቅል በውስጡ ኢንዛይም የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ ሥራቸው የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ነው። ያለ በቂ ብቅል እርሾው የሚመገበው ስኳር አያገኝም፤ ጠላውም ደካማ ይሆናል።

ከዚያም የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ ጥቂት ብቅልና ውኃ በጋኑ ውስጥ ተዋሕደው ጥንስሱ ይጣላል። ጥንስሱ ሲነሳ የተቆራረሰ ቂጣ፣ የጌሾ እንጨትና ቀሪው ብቅል ይጨመርበታል። በመጨረሻም ከተቆላና ከተፈጨ እህል (አሻሮ) የተዘጋጀ፣ በምጣድ ላይ ውኃ እየተርከፈከፈበት የታመሰ እንኩሮ ገብቶ ወፍራሙ ድፍድፍ ይዘጋጃል። ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ ውኃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይታሸጋል፤ ሲጠልም ለመጠጥ ይቀርባል። ሳይጣራ የሚጠጣው ጉሽ ይባላል። ዋናው ጠላ ካለቀ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ደግሞ ቅራሪ ነው። ከታች የሚቀረው አተላ ለከብት መኖ ይውላል።

በሳይንስ ዓይን ሲታይ ሥራው የሁለት ተሕዋስያን ትብብር ነው። ሳካሮማይሲስ የተባለው የእርሾ ዝርያ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ጠላው ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት እንዲኖረው ያደርጋሉ። ጌሾ መራራነትን ይሰጣል፤ ብዙ የማይፈለጉ ተሕዋስያንን በመግታትም ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። በቢራ ውስጥ ሆፕ የተባለው ተክል የሚሰጠውን አገልግሎት በጠላ ውስጥ ጌሾ ይሰጣል ማለት ነው። የጠላ የአልኮል መጠን እንደ አሠራሩ የሚለያይ ሲሆን በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ ባለው ውስጥ ይገኛል።

አንድ ስም፣ ብዙ ዓይነት

ምዘና ከመጀመሩ በፊት የሚመዘነው የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በሰሜን ሸዋ ደጋ የገብስና የስንዴ ጠላ የተለመደ ሲሆን፣ በጎጃም ዳጉሳና በቆሎ በብዛት ይገባሉ። በጎንደር አካባቢ የሚታወቀው ኮረፌ ከተፈተገ ገብስ ይሠራል፤ ድፍድፉ በሸክላ ዕቃ ለሁለትና ሦስት ወራት ያህል ቆይቶ፣ ሲፈለግ በውኃ ተበጥብጦ በማግስቱ ይጠጣል። በኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ፋርሶ የሚባለው ጠላ አለ። በከተሞች ደግሞ በጨርቅ ተጣርቶ፣ ጠንከር ብሎ የሚቀርበው ፍልተር ጠላ ገበያ አግኝቷል። አልኮል ለማይጠጡ ከጠቆረ የገብስ ቆሎ የሚዘጋጀው ቀሪቦ የዚሁ ቤተሰብ የቅርብ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ኮረፌን በፍልተር ጠላ መለኪያ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጉሽ ደፍርሶ መቅረቡ ባሕርይው እንጂ ጉድለቱ አይደለም፤ ፍልተር ጠላ ደፍርሶ ቢቀርብ ግን ነጥብ ይቀነስበታል። ቅራሪም ቀጭን በመሆኑ ሊወቀስ አይገባም። ቀማሽ ራሱን መጠየቅ ያለበት «ወድጄዋለሁ ወይ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ለተባለው ዓይነት በትክክል ተሠርቷል ወይ?» ብሎ ጭምር ነው።

ከክራፍት ቢራ ዓለም የሚወሰድ ልምድ

በአዲስ አበባ የፋብሪካ ቢራ ታሪክ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ በ1922 ሲቋቋም ይጀምራል። ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሌላ በቦሌ አካባቢ የሚገኘው ጋርደን ብሮይ በግቢው ውስጥ በጀርመን ዘዴ ጠምቆ «ብሎንዲ» የተባለውን ፈካ ያለና «ኤቦኒ» የተባለውን ጠቆር ያለ ቢራ ለተስተናጋጆቹ ያቀርባል። በአንድ ቤት ተጠምቆ በዚያው ቤት የሚጠጣ ቢራ በውጭው ዓለም ክራፍት ቢራ ከሚባለው፣ አነስተኛ ጠማቂዎች በመጠን ሳይሆን በጥበብ ከሚወዳደሩበት ዘርፍ ጋር ይመደባል። በዚህ ትርጉም ካየነው በየካ መንደሮች ያለው ጠላ ቤት ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ክራፍት ጠማቂ ነው።

በአሜሪካ በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን የሚፈቅደው የፌዴራል ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ በ1978 ነበር። ከዚያ በኋላ የቤት ጠማቂዎች ቁጥር ሲጨምር እ.ኤ.አ በ1985 የቢራ ዳኞች የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ሥርዓት ተዘረጋ። ዳኞቹ የሚጠቀሙበት ቅጽ ከ50 ነጥብ የሚታሰብ ነው፦ ለመዓዛ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ በአፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5 እና ለአጠቃላይ ግምገማ 10። የቅጹ ትልቅ ጥቅም አሸናፊን መለየቱ ብቻ አይደለም፤ ጠማቂው የትኛውን ደረጃ ማረም እንዳለበት በጽሑፍ ስለሚነግረው ቀጣዩ ሥራው የተሻለ ይሆናል። ይህ መለኪያ በጥቂት ማስተካከያ ለጠላም ሊያገለግል ይችላል።

አምስቱ መስፈርቶች

መዓዛ (ከ12)። ጠላው እንደተቀዳ ወዲያውኑ ይሸተታል። የተቆላ ገብስ፣ የወይራ ጭስና የጌሾ መዓዛ ተመጣጥነው መገኘት አለባቸው። አንዱ ሌላውን ከዋጠ ነጥብ ይቀነሳል። የኮምጣጤ፣ የሻጋታ፣ የላስቲክ ወይም የነዳጅ ሽታ ከባድ ጉድለት ነው።

መልክ (ከ3)። በጣሳ የቀረበ ጠላ መልኩ አይታይም፤ ስለዚህ ለምዘና ንጹሕ ብርጭቆ ያስፈልጋል። ቀለሙ እንደ አሻሮው አቆላል ከወርቃማ እስከ ጥቁር ቡናማ ሊሆን ይችላል። ገለባ፣ ጉድፍ ወይም ከላይ የተጋገረ ነጭ ሽፋን ሊኖረው አይገባም።

ጣዕም (ከ20)። ትልቁ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የእህሉ ጣፋጭነት፣ የጌሾው ምሬት፣ የመብላላቱ ኮምጣጣነትና የጭሱ ጣዕም እርስ በርስ እንዴት እንደተስማሙ ይታያል። ከተዋጠ በኋላ በምላስ ላይ የሚቀረው ምሬት ንጹሕ መሆኑና ጉሮሮን የሚከረክር አለመሆኑም ይገመገማል።

በአፍ ውስጥ የሚሰጠው ስሜት (ከ5)። መወፈሩ፣ መቅጠኑ፣ በምላስ ላይ የሚሰማው የጋዝ ንዝረትና ልስላሴው ይመዘናል። በጥርስ መካከል የሚሰማ ዱቄት ያለው ጠላ በደንብ አልጠለለም ወይም አልተጣራም።

አጠቃላይ ግምገማ (ከ10)። ቀማሹ ሁሉንም አዋሕዶ፣ ጠላው ለተባለው ዓይነት ምን ያህል ታማኝ እንደሆነና ዳግም ሊቀዳለት ይፈልግ እንደሆነ ይወስናል።

አቀማመሱም ሥርዓት አለው። ቀማሽ ከምዘናው በፊት በርበሬ የበዛበት ምግብ፣ ቡናና ትምባሆ ቢርቅ ይመረጣል። ናሙናዎቹ የጠማቂዋን ስም ሳይሆን ቁጥር ብቻ ይይዛሉ፤ ጎረቤትነትና ዝምድና ፍርድን እንዳያዛቡ ይህ ግድ ነው። ቅደም ተከተሉ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ፣ ከለስላሳው ወደ ጠንካራው ይሁን፤ ከጠንካራው ከተጀመረ ምላስ ደንዝዞ ቀጣዩን አይለይም። ከእያንዳንዱ ናሙና ሁለትና ሦስት ጉንጭ ብቻ ይበቃል። በመካከሉ ውኃና ጨው የሌለው ቂጣ አፍን ለማጽዳት ይጠቅማል። ሁሉም ቀማሽ ነጥቡን ከጻፈ በኋላ ብቻ ውይይት ይከፈታል፤ አለበለዚያ በዕድሜ ወይም በድምፅ የሚበልጠው ሰው አስተያየት የሌላውን ይውጠዋል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ቁጥር 317 የተባለ ናሙና በመዓዛ 10፣ በመልክ 2፣ በጣዕም 16፣ በአፍ ስሜት 4፣ በአጠቃላይ 8 ቢያገኝ ድምሩ 40 ይሆናል። ቁጥር 582 ደግሞ በመዓዛ 5፣ በመልክ 3፣ በጣዕም 10፣ በአፍ ስሜት 3፣ በአጠቃላይ 5 አግኝቶ ድምሩ 26 ነው እንበል። ሁለተኛው በመልኩ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ በደንብ ተጣርቷል ማለት ነው። ጉድለቱ ያለው በመዓዛና በጣዕም ላይ በመሆኑ ጠማቂዋ ማጥለያዋን ሳይሆን የጋኑን አጠባና የጥንስሱን አያያዝ መመርመር ይኖርባታል። «ጠላሽ ጥሩ አይደለም» ከሚለው ቃል ይልቅ እነዚህ አምስት ቁጥሮች ለእርሷ ይጠቅሟታል።

ጉድለቱ ከየት ይመጣል?

ጠላ ከመጠን በላይ ሲኮመጥጥ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አየር ነው። አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች አየር ይፈልጋሉ፤ የጋኑ አፍ ሳይታሸግ ከቀረ ወይም ጋኑ ተከፍቶ ብዙ ቀን ከቆየ ይራባሉ። መፍትሔው አፉን በሚገባ ማሸግና ከተከፈተ በኋላ በአጭር ጊዜ መጨረስ ነው።

የከሰል ወይም የአመድ ጣዕም የሚመጣው አሻሮው ሲያር ነው። እሳቱን መጥኖ፣ እህሉን ሳያቋርጡ በማማሰል ይታረማል። ጉሮሮ የሚከረክር ምሬት የጌሾው መጠን ከልክ ማለፉን ወይም የጌሾው እንጨት በድፍድፉ ውስጥ ብዙ መቆየቱን ያመለክታል። ጣፋጭና ያልበሰለ ጣዕም ያለው ጠላ ደግሞ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ የተቀዳ ነው፤ በተለይ እንደ እንጦጦ ባለ ቀዝቃዛ ቦታ ይህ ያጋጥማል። ጋኑን ከነፋስ መጋረድና ተጨማሪ ቀን መስጠት ይረዳል። የቅቤ የሚመስል ሽታም መብላላቱ ሳይጠናቀቅ መቀዳቱን ወይም የዕቃ ንጽሕና መጓደሉን ያሳያል።

የሻጋታ ሽታ ግን በነጥብ ቅነሳ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የሻገተ እህል አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ መርዝ በመቁላትም ሆነ በመብላላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ጠላ መቀመስም መሸጥም የለበትም። የሻገተ ብቅልም «ለጠላ ይሆናል» ተብሎ መቀመጥ አይገባውም።

ለአርሶ አደሩ ምን ትርጉም አለው?

ኢትዮጵያ በገብስ ዝርያ ብዝኃነት በዓለም ከሚታወቁ አገሮች አንዷ ናት። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ በ1927 መጥቶ ይህን ሀብት አጥንቷል። የገብስ ቢጫ ድንክ ቫይረስ የተባለውን በሽታ የሚቋቋመው ዘረ መልም ከኢትዮጵያ ገብሶች ተገኝቶ በሌላው ዓለም፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ የገብስ ሰብልን ለመታደግ አገልግሏል።

የቢራ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት የብቅል ገብስ ግን የተወሰነ ባሕርይ ያለው ነው፦ ፍሬው እኩል የሆነ፣ የብቅለት መጠኑ ከፍተኛ፣ ፕሮቲኑ ያልበዛ። ሆልከር፣ ሳቢኒና አይቦን 174/03 የመሳሰሉት ዝርያዎች ለዚሁ ዓላማ የተሠራጩ ናቸው። በደጋው አካባቢ የሚመረቱ ነባር የገብስ ዝርያዎች የፋብሪካውን መስፈርት ላያሟሉ ይችላሉ፤ በጠላ ውስጥ ግን የየራሳቸው ቀለምና ጣዕም አላቸው። ጠላ በጥራቱ ተመዝኖ በጥራቱ የሚሸጥ ከሆነ ጠማቂዋ «የየትኛው አካባቢ ገብስ ነው?» ብላ መጠየቅ ትጀምራለች። በዚያን ጊዜ ነባሩን ዝርያ ጠብቆ ያቆየው አርሶ አደር ተጨማሪ ገበያ ያገኛል።

ለጠማቂም ሆነ ለአርሶ አደር የሚሆን ቀላል የብቅለት ፈተና አለ። 100 ፍሬ ገብስ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይደረግና ከሦስት ቀን በኋላ የበቀለው ይቆጠራል። 95 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ለብቅል በጣም ጥሩ ነው። ቁጥሩ በእጅጉ ዝቅ ካለ እህሉ አርጅቷል፣ በነቀዝ ተጎድቷል ወይም በእርጥበት ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ለአሻሮ ቢውል እንጂ ለብቅል አይመከርም።

ጌሾን በተመለከተ ቅጠሉ በጥላ ሥር ደርቆ አረንጓዴነቱን እንደያዘ፣ አቧራና ባዕድ ቅጠል ሳይቀላቀልበት ወደ ገበያ ቢቀርብ ጥራቱ ይጠበቃል። በጓሮ ዙሪያ የሚተከል ጌሾ ከአንድ ተክል ለዓመታት ቅጠልና እንጨት ስለሚሰጥ፣ መሬት ለጠበበው ቤተሰብ ጥሩ የገቢ ምንጭ ነው። አተላውም ቢሆን በፕሮቲን የበለጸገ በመሆኑ በየካ ለሚገኙ የወተት ላም አርቢዎች ተፈላጊ መኖ ነው። ሆኖም ቶሎ ስለሚበላሽና ጥቂት አልኮል ስለሚይዝ፣ ትኩስነቱን ሳይለቅ ከድርቆሽና ከሌላ መኖ ጋር ተመጥኖ መሰጠት አለበት።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

አንዳንድ አደጋዎች በመቅመስ አይታወቁም። የመጀመሪያው በኬሚካል የታሸ ዘር ነው። ለዘር ተብሎ ፀረ ፈንገስ ወይም ፀረ ተባይ የተቀባ እህል፣ ቢታጠብም እንኳ፣ ለብቅልም ለአሻሮም ፈጽሞ መዋል የለበትም። በጎተራ ውስጥ የነቀዝ መከላከያ ኬሚካል የተደረገበት እህልም የተወሰነለት የጥበቃ ጊዜ ሳያልፍ ጥቅም ላይ አይውልም።

ሁለተኛው ዕቃ ነው። ጋን እየተወደደና ለማጓጓዝ አስቸጋሪ እየሆነ ሲመጣ የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ቦታውን እየያዙ ነው። ቀድሞ ኬሚካል፣ ቀለም ወይም ዘይት የተጓጓዘበትን በርሜል ለጠላ መጠቀም አደገኛ ነው፤ ኮምጣጣና አልኮል ያለው መጠጥ በፕላስቲኩ ውስጥ የሰረገውን ቅሪት ሊያወጣው ይችላል። ፕላስቲክ የግድ ከሆነ ለምግብ አገልግሎት የተሠራ አዲስ ዕቃ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ውኃ ነው። ቢራ ሲጠመቅ ይፈላል፤ በጠላ ድፍድፍ ላይ በመጨረሻ የሚሞላው ውኃ ግን በአብዛኛው አይፈላም። ስለዚህ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ መጠቀም ወይም አፍልቶ አቀዝቅዞ መጨመር ይገባል። ከተራራው ወርደው በመንደሮች መካከል የሚያልፉ ወንዞችና ጅረቶች በቆሻሻ ስለሚበከሉ ለጠላም ሆነ ለዕቃ ማጠቢያ መዋል የለባቸውም።

በመጨረሻም ጠላ የአልኮል መጠጥ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያሉና አሽከርካሪዎች በቀማሽነትም ቢሆን መሳተፍ የለባቸውም። ምዘና ብዙ መጠጣትን አይጠይቅም፤ የሰለጠነ ቀማሽ የሚታወቀው በጥቂት ጉንጭ ብዙ ነገር በመለየቱ ነው።

መጀመር ለሚፈልጉ

ምዘናውን ለመጀመር ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በአንድ መንደር ያሉ አራት ወይም አምስት ጠማቂዎች፣ ጥቂት ቀማሾች፣ ንጹሕ ብርጭቆዎች፣ እርሳስና አምስቱ መስፈርቶች የተጻፉበት ወረቀት ይበቃሉ። ጠማቂዎቹ ለእያንዳንዱ ጋን የእህሉን ዓይነትና መጠን፣ የጌሾውን ልክ፣ ጥንስሱ የተጣለበትንና የተቀዳበትን ቀን በደብተር ቢመዘግቡ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘውን ጠላ መድገም፣ ዝቅተኛ ያገኘውን ማረም ይችላሉ። እስከ ዛሬ ከእናት ወደ ልጅ በእጅና በዓይን ሲተላለፍ የኖረው ሙያ በዚህ መንገድ በጽሑፍ ይቀመጣል። በየካ ዳገት የሚጠምቁ ባለሙያዎችም ጠላቸው ከሌላው በምን እንደሚለይ ለገዢው በቁጥር ማሳየት፣ ለጥራቱም የሚገባውን ዋጋ መጠየቅ ይችላሉ።